ያልወደቀው ቦይለር

ሥራዬን የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ «ክሬን ትነዳለህ ማለት ነው?» ይለኛል። አልነዳም። ክሬኑን የሚነዳው ኦፕሬተሩ ነው። እኔ ታች ቆሜ ዕቃው ከየት እንደሚያዝ፣ በምን እንደሚታሰር፣ በየት በኩል ዞሮ የት እንደሚያርፍ እወስናለሁ፤ ከዚያ በእጄ ምልክት እየሰጠሁ አስነሳለሁ፣ አስወርዳለሁ። ሪገር ይሉናል። ማሽን ከኮንቴይነር እናወጣለን፣ ትራንስፎርመር ሎቤድ ከሚባለው ዝቅተኛ ተሳቢ እናወርዳለን፣ ጄኔሬተር ምድር ቤት እናስገባለን። ሥራችን ሲያምር ወሬ የለውም። ጠዋት እዚያ ማዶ የነበረው ብረት ማታ እዚህ ይገኛል፣ ሰው ሁሉ በጤና ቤቱ ይገባል፤ በቃ፣ ሌላ የሚነገር አይተርፍም።

እኔ ግን የምናገረው አለኝ። ለሚስቴ እንኳ ደፍሬ ያልነገርኳት ነው። አንድ የነሐሴ ከሰዓት በኋላ፣ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ሰዎች ከሥሩ እያሉ አንድ ቦይለር እንዲወድቅ ተመኝቻለሁ።

ነገሩ የሚገባችሁ ግን ስለ ክብደት ጥቂት ካወራሁ በኋላ ነው።

ወደዚህ ሙያ የገባሁት በጭነት መኪና ረዳትነት በኩል ነው። ዳገት ላይ ስንቆም ዘልዬ ወርጄ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ የምከት ልጅ ነበርኩ። ሸራ መወጠር፣ ገመድ መቋጠር፣ ፌሮና ላሜራ በሰንሰለት ጠፍሮ ማሰር የለመድኩት ያኔ ነው። ሾፌሬ ንግግር የማያበዛ ሰው ነበር። ስለ ጭነት የሰጠኝ ትምህርት በአንድ አፍ የሚያልቅ ነው፦ «መኪናው ፍሬን አለው፤ ዕቃው ግን የለውም።» ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ካሶኒው ላይ ያለው ብረት ጉዞውን መቀጠል እንደሚፈልግ፣ ሰንሰለቱ ካልያዘው የሚያርፈው ሾፌሩ ጀርባ ላይ እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ከዓመታት በኋላ ሥልጠና ስገባ፣ በአውሮፓ ደረጃ ማሰሪያው ወደፊት የዕቃውን ክብደት 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ 50 በመቶ የሚያህል ግፊት እንዲችል ተደርጎ እንደሚሰላ ነገሩን። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ እኔ የማስበው ሾፌሬን ነበር።

ከዚያ ሥልጠና ደንግጬ የወጣሁት በማዕዘን ነገር ነው። ሁለት ልጆች አንድ ባልዲ ውኃ በመሐላቸው አንጠልጥለው ሲሄዱ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ተጠጋግተው ከሄዱ ባልዲው ይቀላቸዋል፤ በተራራቁ ቁጥር ውኃው ሳይጨምር ክንዳቸው ይዝላል። ዕቃ የምናነሳበት ቤልትም ሆነ የሽቦ ገመድ እንደዚሁ ነው። 10 ቶን ዕቃ በሁለት ቤልት ብታነሱና ቤልቶቹ ከአግድሙ 60 ዲግሪ ያህል ቀና ቢሉ፣ እያንዳንዱ 5.8 ቶን ገደማ ይሸከማል። ወደ 45 ዲግሪ ቢጋደሉ 7.1 ቶን ይሆናል። ወደ 30 ዲግሪ ከወረዱ ሁለቱም በየግላቸው ሙሉውን 10 ቶን ይሸከማሉ። ስለዚህ «እያንዳንዱ አምስት አምስት ቶን ይይዛል፣ ዕቃው ዐሥር ነው፣ ልክ ነው» ብሎ የደመረ ሰው ሒሳቡን አላወቀም። ይህን ሒሳብ በሥራ ቦታ የሚሠራ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ብዙው ሰው ቤልቱን በቀለሙ ያውቀዋል፤ ሐምራዊው 1 ቶን፣ አረንጓዴው 2፣ ቢጫው 3፣ ቀዩ 5። ቀለሙ ደግሞ ስለ ማዕዘኑ አይናገርም።

ክሬንም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። ሰው «25 ቶን ክሬን» ሲከራይ 25 ቶን የሚያነሳ ይመስለዋል። ያነሳል፣ ዕቃው ከክሬኑ መሐል ሦስት ሜትር ያህል ላይ ከሆነ። እጁን ዘርግቶ ሰባት ሜትር ከራቀ አቅሙ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ዐሥር ሜትር ከደረሰ እንደ ክሬኑ ዓይነት ስድስትና ሰባት ቶን ቢያነሳ ነው። ይህ ሁሉ ኦፕሬተሩ ጋቢና ውስጥ በተለጠፈ ሰንጠረዥ ላይ ተጽፏል። ከሰንጠረዡ ግርጌ ደግሞ አንድም ሰው አይቶት የማያውቅ ማሳሰቢያ አለ፦ ቁጥሮቹ የሚሠሩት ክሬኑ ጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ እግሮቹን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ ሲቆም ብቻ ነው።

አሁን ወደ ነሐሴው ቀን።

ቦታው ገላን አካባቢ ያለ አንድ ፋብሪካ ነው። ባለቤቱ ያገለገለ ቦይለር ገዝተው ከሎቤድ ወርዶ፣ በአጥር ላይ ተሻግሮ፣ አዲስ በተሠራ መደብ ላይ እንዲቀመጥላቸው ፈለጉ። ወረቀቱ ዘጠኝ ቶን ይላል። የተከራዩት 25 ቶን ክሬን ነው። ከላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከፊት አጥሩ ስላለ ክሬኑ መጠጋት የሚችለው ሰባት ሜትር ድረስ ነው። በዚያ ርቀት የክሬኑ ሰንጠረዥ 11 ቶን ገደማ ይፈቅዳል። መንጠቆው፣ ማያያዣ ሻክሎቹና ቤልቶቹ ራሳቸው ግማሽ ቶን ቢሆኑ፣ በወረቀት ደረጃ ይበቃል።

ቦይለሩን ግን በመዶሻ አንኳኳሁት። ወገቡ ላይ ስመታው እንደ ደወል ይጮኻል፤ ወደ ሆዱ ዝቅ ስል ድምፁ ይደነቁራል። የማፍሰሻ ቫልቩን ከፈትኩ። ዝገት የመሰለ ቀይ ውኃ ጥቂት ፈሰሰና ቆመ። ባዶ ስለሆነ ነው የቆመው ወይስ ቱቦው በዝቃጭ ተደፍኖ? ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ቶን ነው። ዘጠኝ የተባለው ዘጠኝ ይሁን ዐሥራ አንድ ሊነግረኝ የሚችለው የክሬኑ የጭነት መለኪያ ነበር። ኦፕሬተሩን ስጠይቀው ሳቅ ብሎ «እሱ ከተበላሸ ቆየ፤ ዝም ብሎ ሲጮኽብኝ ነቀልኩት» አለኝ።

መሬቱም አለ። የገላንና የዱከምን መረሬ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ጫማ አልለቅም ይላል። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። የክሬኑ አራት እግሮች ሥር የገቡት እንጨቶች ከትሪ አይበልጡም። ክሬን ዕቃ ይዞ ሲዞር ክብደቱ በአራቱ እግሮች እኩል አይከፈልም፤ ዕቃው ባለበት በኩል ያለው እግር አብዛኛውን ብቻውን ይሸከማል። የዚያ ቀን ደግሞ ያ እግር የሚቆመው ትናንት የቧንቧ ቦይ ተቆፍሮ በተደፈነበት ጥግ ላይ ነበር።

ለባለቤቱ ነገርኳቸው። ወፍራም እንጨትና ላሜራ ይምጣና እግሩ ሥር ይነጠፍ፣ ቦይለሩ ተከፍቶ ይታይ፣ አለዚያም ከፍ ያለ ክሬን ይምጣ አልኩ። እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፣ የአባቴ እኩያ። ሰዓታቸውን እያዩ፣ ክሬኑ በሰዓት እንደሚቆጥርባቸው፣ ጫኝና አውራጆቹ ሒሳባቸውን ተቀብለው እንደጨረሱ፣ ቦይለሩ እኮ ከተገዛበት ቦታ በዚሁ ዓይነት ክሬን ተጭኖ እንደመጣ አስረዱኝ። ይህ የመጨረሻው ክርክራቸው ከባድ ነበር፤ እውነትም ነው። እኔ ግን በስንት ሜትር ርቀትና በምን መሬት ላይ ሆኖ እንደተጫነ ጠየቅሁ። የሚያውቅ የለም። ያን ጊዜ ጠጋ ብለው፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣ ሁሉም ግን በሚሰማው መጠን፣

«ልጄ፣ ፈራህ እንዴ?» አሉ።

ብታምኑም ባታምኑም፣ በዚህ ሙያ ከቦይለር በላይ የሚከብደው ይኼ ጥያቄ ነው። ዙሪያውን ወንዶች ቆመዋል። ደላላው አለ፣ ኦፕሬተሩ ሲጋራውን ይዞ ያያል፣ የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ትልቅ ሰው ፊት መከራከር ባለጌ ያስብላል፤ «አዎ፣ ፈራሁ» ማለት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ከዚያ ቀን በፊት እንደዚህ ዓይነቱን ጥያቄ በ«እሺ» የመለስኩባቸው ጊዜያት አሉ፤ ለምን በዚያን ቀን እንዳቃተኝ አላውቅም። ምናልባት ያ የመዶሻው ድምፅ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ አላስነሳም» አልኩ።

ክፍያዬን አልጠየቅሁም፣ እሳቸውም አላነሱትም። ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

እዚያው ወደ ቤቴ ብሄድ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። አልሄድኩም። ከፋብሪካው ትይዩ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ በላስቲክ የተሸፈነች ሻይ ቤት አለች። ገብቼ ፊቴን ወደ አጥሩ አድርጌ ተቀመጥኩ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ዝናቡን ለማሳለፍ የሚል ነበር። ዝናብ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሌሎች ልጆች መጡ። አንዱን በመልክ አውቀዋለሁ፣ ጎበዝ ነው። ቤልታቸውን አሰሩ። ማዕዘኑ መጥፎ አልነበረም፤ በዚህ ልወቅሳቸው ብፈልግም አልቻልኩም። ክሬኑ ሞተሩን ከፍ አደረገ፣ ቤልቶቹ ተወጠሩ፣ ቦይለሩ አንድ ስንዝር ያህል ከሎቤዱ ተነሳ። እዚህ ላይ ደንበኛው አሠራር ቆም ማለት ነው። ዕቃው ትንሽ ተነስቶ እንደተንጠለጠለ ሁሉም ይታያል፣ እግሩ፣ ቤልቱ፣ ሚዛኑ። እነሱ አልቆሙም። የክሬኑ እጅ ዞረ። ሲዞር ከበረንዳዬ ሆኜ ያንን እግር አየሁት፤ እንጨቱ በአንድ ጎን ወደ ጭቃው ገባ፣ በሌላው ጎን ጫፉ ብድግ አለ። የክሬኑ አንገት ትንሽ ወደፊት ያዘነበለ መሰለኝ። ቦይለሩ እየተወዛወዘ አጥሩ ላይ ደረሰ። ከሥሩ ሁለት ልጆች በእጃቸው እየገፉ ያስተካክሉታል። አንደኛው ጠዋት ከእኔ ጋር ፉል የበላው ልጅ ነው፤ ዳቦውን ለእኔ የቆረሰልኝ።

ውደቅ አልኩ። በአፌ አላልኩትም፣ ግን ደኅና አድርጌ ብዬዋለሁ። አሁን ውደቅ። ሽማግሌው ይዩ፣ ደላላው ይይ፣ ያ «ነቀልኩት» ያለው ኦፕሬተር ይይ። ከሥሩ ልጆች እንዳሉ አይቻለሁ፤ አላየሁም ብዬ ማምለጥ አልችልም። እያየሁ ነው የተመኘሁት።

ቦይለሩ መደቡ ላይ አረፈ። ልጆቹ አፏጩ፣ አንዱ ኮፍያውን ወደ ላይ ወረወረ፣ ባለቤቱ ኪሳቸው ገቡ። እኔ የሻዬን ከፍዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ የተሰማኝን ስም ስሰጠው ቅሬታ ነው። ቅር ያለኝ በመትረፋቸው ነበር።

ለረዥም ጊዜ ይህን በቅናት አመካኘሁት። ሥራዬን ቀሙኝ፣ ገንዘቤን ቀሙኝ፣ ስለዚህ ከፋሁ። ነገር ግን ሥራ ተቀምቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። እየቆየ ሲገለጥልኝ፣ እኔ የፈለግሁት ምስክር ነበር። ሥራ አስቁሜ ስሄድ ትክክል መሆኔን ሊመሰክርልኝ የሚችለው አደጋው ብቻ ነው። አደጋው ካልመጣ እኔ ፈሪ ነኝ፣ እነሱ ጎበዝ ናቸው፤ ከአስፋልቱ ማዶ ለሚያይ ሰው ዕድልና ሙያ አንድ ዓይነት ናቸው። እንግዲህ ሰው ሁልጊዜ ትክክል ነበርክ እንዲባል ከፈለገ፣ ሳያውቀው የሌላውን መከራ ደጅ መጥናት ይጀምራል። እኔ ያን ቀን በረንዳው ላይ የደረስኩት እዚያ ነው።

የባሰው ደግሞ ምናልባት ተሳስቼ ሊሆን መቻሉ ነው። ቦይለሩ በእርግጥ ባዶ ኖሮ ይሆናል። መረሬው ከሥሩ ጠንካራ ድንጋይ ኖሮት ይሆናል። ማንም አልመዘነውም፣ ማንም አልቆፈረውም። ዛሬም አላውቅም፤ ከእንግዲህም የማውቅበት መንገድ የለም። ከዚህ አለማወቅ ጋር መኖርን መልመድ ነበረብኝ።

እንዴት ለመድከው ለሚለኝ፣ በመጀመሪያ ነገር ከሄድኩ ቆሜ አላይም። ትቼው የወጣሁት ሥራ ካለ በዚያው ታክሲ ይዤ እሄዳለሁ፤ ስልክ ደውዬም «እንዴት ሆነ?» አልልም። ሁለተኛው ነገር አከለካከሌ ተለወጠ። ድሮ «አይሆንም» እል ነበር። ይህ ቃል ሰውን ያናድዳል፤ ባለቤቱ ከፊቱ ያለው ችግር ዕቃው መሆኑ ይቀርና እኔ እሆናለሁ። አሁን ሰንጠረዡን ከጋቢናው አውጥቼ ባለቤቱ እጅ ላይ አስቀምጣለሁ። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ሰባት የምትለዋን ቁጥር ከዚህ ጋር ያገናኙልኝ» እላለሁ። ራሳቸው በጣታቸው ሲያገኙት ቁጥሩ የእሳቸው ይሆናል። ሁልጊዜ አይሠራም። ቢሆንም ከመዶሻ ድምፅ ይሻላል፤ የመዶሻው ድምፅ ለእኔ እንጂ ለሌላ ሰው አይሰማም።

ደግሞም ያለ ክሬን የሚሆንበትን መንገድ ይዤ እቀርባለሁ። ይህኛው መንገድ ቀርፋፋ ነው፣ አያምርም፣ እኔ ግን እየዋለ እያደር ወድጄዋለሁ። ለምሳሌ መርካቶ ውስጥ አንድ ማተሚያ ማሽን ከበሩ ውጭ ተቀምጦ፣ ክሬን ጣሪያው ሥር መግባት ሳይችል ሲቀር፣ በክሪክና በእንጨት ነው የምናስገባው። ክሪኩ ጣት ያህል ያነሳል፣ ወዲያው ጣት ያህል እንጨት ይገባል። ክሪኩ ቢለቅ ማሽኑ የሚያርፈው እንጨቱ ላይ ነው፤ እጅ ሥሩ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም ቢሆን በእንጨት ዘንግ እየገፋን እንጂ በጣታችን አይደለም። ከፍ ሲል ሥሩ የብረት ቱቦ እንደረድራለን። ማሽኑ ሲንከባለል ከኋላ የሚለቀቀውን ቱቦ አንድ ልጅ ያነሳና ሮጦ ወደ ፊት ያመጣል። ማዞር ስንፈልግ የፊተኛውን ቱቦ በመዶሻ ነካ አድርገን እናጋድለዋለን፤ ያ ሁሉ ቶን ብረት እንደ ታዘዘ ልጅ ቀስ ብሎ ይዞራል። ወለሉ ላይ የተፈለጠ ሴራሚክ ካለ ወይም አንድ ብሎን ከወደቀ ቱቦው እዚያ ይቆማል፣ ተንበርክኮ ማየት ግድ ነው። ዐሥር ሜትር ለማስኬድ ቀኑ ያልቃል። ጨርሰን ላብ ስንጠርግ የሚያፏጭ የለም። አንድ ባለቤት እንዲያውም «ለዚች ነው ይኼ ሁሉ ገንዘብ?» ብሎኛል።

እኛ አገር ክብደት ያንቀሳቀሰ ሰው ታሪክ ይወራል። ሴባስቶፖልን የማያውቅ የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ያ መድፍ ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር ተነስቶ፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ፣ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ። መንገዱ ከፊቱ እየተጠረገ ነበር የሚሄደው፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ መንገድ ይሠሩ እንደነበር በወቅቱ አብረዋቸው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። መድፉ ዛሬም እዚያው አምባ ላይ አለ። እንደ ሙያ ሰው ሳስበው ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ከዚያ ደግሞ አንድ ሐሳብ ይመጣብኛል። በበሽሎ ቁልቁለት ገመዱ ሲላላ አይቶ፣ ለቴዎድሮስ «ጃንሆይ፣ ይቁም» የሚል ማን ነበር? እኔ ለአንድ የፋብሪካ ባለቤት ስናገር ጉልበቴ ተንቀጥቅጧል።

አክሱም የሄድኩት ለንግሥ ነበር፤ ቀኑን ያሳለፍኩት ግን ወድቆ የተሰባበረው ትልቁ ሐውልት ዙሪያ ነው። 33 ሜትር ርዝመት፣ ከ500 ቶን በላይ ክብደት። ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍሎ ከከተማው ምዕራብ ካለ የድንጋይ ካባ ነው የመጣው። ያጠኑት ሊቃውንት ሲያቆሙት ሳይወድቅ አልቀረም ይላሉ፤ ከቁመቱ አንጻር መሬት ውስጥ እንዲቀበር የታሰበው እግሩ አጭር ነው። በዚያ ዘመን ገመድ የያዘ፣ ድንጋዩን በዓይኑ የመዘነ፣ «ይኼ እግር አይበቃውም» ያለ አንድ ሪገር እንደነበረ እርግጠኛ ነኝ። ማስረጃ የለኝም። ብቻ በማንኛውም የሥራ ቦታ እንደዚያ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም።

ከጎኑ ያለው፣ ፋሺስት ኢጣልያ በ1929 ዓ.ም. የወሰደችውና ሮም ውስጥ ቆሞ የኖረው 24 ሜትሩ ሐውልት፣ ታሪኩ ሌላ ነው። 160 ቶን ገደማ ነው። በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ አንቶኖቭ በተባለው ግዙፍ አውሮፕላን በሦስት ጉዞ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ግን ከሦስት ዓመት በላይ ሳይቆም ተጋድሞ ቆየ። ያን ጊዜ ስንት ሰው እንዳጉረመረመ ትዝ ይለኛል፤ «አምጥተው ጣሉት» ይባል ነበር፣ እኔም ብያለሁ። ለካ ከሚቆምበት ቦታ አካባቢ ከመሬት በታች ጥንታዊ የመቃብር ክፍሎች መኖራቸው ተደርሶበት ኖሯል፤ መሠረቱ እንዴት ይጣል የሚለው ጥናት ይፈልግ ነበር። ከጎኑ ያለው፣ ከጥንት ጀምሮ ቆሞ የኖረውና ትንሽ ያዘመመው ሐውልት በሥራው ንዝረት እንዳይጎዳ ተብሎ ቀድሞ በገመድ ተደግፏል። ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ሲመረቅ የታየው ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ ነው። እኔ ዛሬ ሳየው የሚታየኝ ያ ሲታማ የኖረው ጊዜ ነው፤ አንድ ሰው በየሳምንቱ «ገና ነው፣ ቆዩ» እያለ የተወቀሰበት።

ይህን ሁሉ አውቄ፣ ይህን ሁሉ አውርቼ፣ ሰሞኑን የሆነውን ስሙ።

ጄኔሬተር እያወረድን ነበር። ምልክት የምሰጠው እኔ ነኝ። በሥራችን ሕግ ኦፕሬተሩ የሚታዘዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ «ቁም» የሚለውን ምልክት ግን ማንም ቢሰጥ፣ ውኃ የሚያቀብለው ልጅም ቢሆን፣ ኦፕሬተሩ መቆም አለበት። ቡድኔ ውስጥ አዲስ የገባ ልጅ አለ፤ ዕቃው እንዳይዞር መሪ ገመዱን ይይዛል። ጄኔሬተሩ ከካሶኒው ከፍ ብሎ ገና መዞር ሲጀምር ልጁ ገመዱን ለቆ ሁለት እጁን ዘርግቶ አወናጨፈ። ኦፕሬተሩ ቀጥ አደረገ።

«ምን አየህ?»

«ድምፅ ሰማሁ፣ ጋሼ።»

«የምን ድምፅ?»

«እንጃ... ቀጭ የሚል።»

አወረድን። ሻክሎቹን አንድ በአንድ ፈታን፣ ቤልቱን በጣቴ ከዳር እስከ ዳር ዳሰስኩት፣ መንጠቆውን አየን፣ የክሬኑን እግሮች ዞረን ፈተሽን። ምንም የለም። ባለቤቱ ሰዓታቸውን ያያሉ። ኦፕሬተሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ፈገግ ይላል። ልጁ ጆሮው ቀልቷል። እኔ ያን ጊዜ አፌ ላይ የመጣውን ቃል ሰማሁት፤ «ፈራህ እንዴ?» ልለው ነበር። በዚያው ቀስ ባለ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። ዋጥኩት። ግን መጥቶ ነበር።

ደግመን አነሳን። ጄኔሬተሩ ያለ ምንም ችግር ቦታው ላይ ተቀመጠ። ልጁ ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ሲሸሽ ዋለ።

ማታ ሒሳብ ስንካፈል ምን ላድርግለት ብዬ ተቸገርኩ። ጨመር አድርጌ ብሰጠው፣ ነገ ለገንዘብ ሲል የሚያስቆም ይሆናል፤ ሌሎቹም ይታዘቡኛል። ዝም ብለው ደግሞ እጁን ዳግመኛ የሚያነሳ አይመስለኝም። ትክክል ነበርክ እንዳልለው አላውቅም፤ ተሳስተሃል እንዳልለውም አላውቅም። ድርሻውን እንደ ሌሎቹ ቆጥሬ ሰጠሁትና ከመሄዱ በፊት ጠራሁት።

«ነገ ምልክት የምትሰጠው አንተ ነህ።»

ትንሽ ቆይቶ «ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለኝ።

«አሥራ ሁለት ሰዓት። ጓንትህንም ቀይር፣ አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል።»